«ጡሪኝ፣ ቤቱ ያንቺ ነው»፦ የቃል ተስፋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ፊት

ጧሪና ቀባሪ ማጣት በአገራችን ከድህነት ባልተናነሰ የሚፈራ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በባቱ ልጆቻቸው የራቋቸው አዛውንት የእህታቸውን ልጅ አስጠግተው «እስክሞት ጡሪኝ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» ቢሉ፣ ለቃሉ የሚቆመው ምስክር አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት እንጂ ሰነድ አይደለም። አዛውንቱ አርፈው ወራሾች ቤቱን ሲጠይቁ፣ ለዓመታት የጦረችው ሴት ምን መብት አላት?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሦስት መንገድ ሊታይ ይችላል። ተስፋው ውል ነው ቢባል፣ በአንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። ይህ ካልተሟላ አንቀጽ 1720 ስምምነቱን ከረቂቅ አያሳልፈውም፤ አንቀጽ 2003ም የነበረ ሰነድ ካልጠፋ፣ ካልተሰረቀ ወይም ካልተበላሸ በቀር ውሉን በምስክር ማስረዳትን ይከለክላል። ስጦታ ነው ቢባል፣ አንቀጽ 2443 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም ይጠይቃል። ኑዛዜ ነው ቢባል ደግሞ፣ የቃል ኑዛዜ ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ሲሆን፣ በአንቀጽ 893 መሠረት እያንዳንዱ የኑዛዜ ስጦታ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም።

ስለዚህ በቃል ብቻ ቤቱን ማግኘት አይቻልም። ይሁን እንጂ አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሥራ ወይም ንብረት የበለጸገ ሰው ካሳ እንዲከፍል ያዛል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የጧሪዋ ክስ «ቤቱ ይሰጠኝ» ከሚል ይልቅ «የድካሜና የወጪዬ ዋጋ ይከፈለኝ» በሚል ቢቀርብ ይሻላል። የጎረቤቶች ቃልም እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ የሚያስረዳው የባለቤትነት ውልን ሳይሆን አገልግሎቱ በነጻ የተሰጠ አለመሆኑን ነውና። ወራሾች በበኩላቸው ነገሩ የዝምድና ግዴታ እንደነበር፣ ጧሪዋም ያለ ኪራይ እንደኖረች መከራከራቸው አይቀርም፤ ዳኛው ሁለቱን ሊመዝን ይገባል።

መፍትሔው ፎርሙን ማላላት አይደለም። ሟች ተነሥቶ «አላልሁም» ሊል ስለማይችል፣ ፎርሙ አዛውንቱንም ይጠብቃል። በኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 እውቅና ያገኙት የባህል ፍርድ ቤቶች ቤተሰብን ለማስማማት ይረዱ ይሆናል። ዋናው ጥንቃቄ ግን አዛውንቱ በሕይወት ሳሉ የሚደረግ ነው፦ ጦሪነትን እንደ ግዴታ የሚጥል፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው በቤቱ የመኖር መብታቸውን የሚያስጠብቅና በምስክሮች ፊት ተነብቦ የሚፈረም የስጦታ ሰነድ። ተራ ኑዛዜ እስከ ሞት ድረስ ሊሻር ስለሚችል ለጧሪዋ ይህን ያህል ዋስትና አይሰጣትም።