ሥዕል የሚናገርበት ቋንቋ

ጥቂት በጥቂት የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይናችን እንደ አንድ እንቅስቃሴ ያያቸዋል። በሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ያልፋሉ። በ1923 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተቋቋመው የአሜሪካው የዲስኒ ድርጅት፣ በ1928 ሥዕልን ከድምፅ ጋር አዋሕዶ አሳየ፤ በ1937ም «ስኖው ኋይት» የተባለውን ረጅም ፊልም አወጣ። እነዚህ እርምጃዎች በአብዛኛው የመሣሪያ እርምጃዎች ናቸው።

የአገራችን ታሪክ ግን በቋንቋ ይጀምራል። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በ2005 በአዲስ አበባ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋመች። በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአማርኛ መታየት ጀመረ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ስትሆን፣ በመጀመሪያ ሥዕል ሳትሆን አሻንጉሊት ነበረች። ዝግጅቱ በ2008 በጃፓን ተሸለመ። በ2010ዎቹ ዓመታት ድርጅቱ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተሻግሮ፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎችን ጎጂ ልማዶች የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» አዘጋጀ።

ይህ ነገር ለምዕራብ ጎጃም ምን ይጠቅማል? የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ2003 የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ሆኖም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር የምትኖር ልጅ የሕግ አንቀጽ አታነብም፤ በራሷ ቋንቋ «እምቢ» የምትል እኩያዋን ስታይ ግን ነገሩ ይገባታል። እንግዲህ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ቴሌቪዥን ስለማይደርስ፣ ቀጣዩ ታላቅ እርምጃ ሥዕሉን እስከ ገጠር ትምህርት ቤት ማድረስ ነው እንላለን።