ሰኞ የሚያበራ፣ ሐሙስ የሚያጣብቅ እጀታ

ይህ ጸሐፊ ከባቲ የሰኞ ገበያ ገዝቶ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ያደረሰው ባለ ወይራ እጀታ ቢላዋ ሐሙስ ዕለት ሲፈታ ጋዜጣው አልላቀቅ አለ፡፡ በግድ ሲነሣ ደግሞ የገጹ ፊደል እጀታው ላይ ተገልብጦ ቀረ፡፡ ገበያ ላይ እንደ መስተዋት ሲያበራ የነበረው እጀታ ይኸው ነው፡፡ ብረቱ እንከን አልነበረበትም፡፡ ዋጋው የተከፈለው ግን ከብረቱ ይልቅ ለዚያ ማብራት ነበር፡፡

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሚሴን ማዕከሉ ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች፡፡ በየሰኞው ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ደጋና ቆላ ያፈራውን ይዘው ይገበያዩባታል፡፡ አፋሩ በወገቡ የሚታጠቀው ቆልማማና ባለ ሁለት ስለት ጊሌም ከገበያው መልክ አንዱ ነው፡፡ እዚያ ቢላዋ የሚገዛ ሰው ስለቱን በጣቱ ይሞክራል፤ እጀታውን ግን በዓይኑ ብቻ ይገምታል፡፡ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፡፡

ወይራ ጠንካራና ቅባት ያዘለ እንጨት ነው፡፡ ከሁሉም የሚወደደው ጉጡ፣ ማለትም ግንዱ ወይም ሥሩ አብጦ መስመሩ የተጠማዘዘበት ክፍል ነው፡፡ መስመሩ በየአቅጣጫው ስለሚሄድ ግን በችኮላ ከደረቀ ይሰነጠቃል፡፡ ቅባቱም ሌላ ጣጣ አለው፤ ከላይ የሚቀባው ዘይት ወይም ቫርኒሽ አጥብቆ እንዳይዝና ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርጋል፡፡

በወጉ የሚሠራ ሰው እጀታውን ከሻካራ ወደ ልም እየተሸጋገረ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፡፡ ልክ ከመቀባቱ በፊትም በአልኮል ወይም በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ፊቱን ይጠርጋል፡፡ ቅባቱ ከውስጥ ተመልሶ ስለሚወጣ ጠርጎ ማሳደር ድካሙን ከንቱ ያደርጋል፡፡ ቀጥሎ የተልባ ዘይት በሥሡ ይቀባና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ትርፉ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል፤ የሚያጣብቀው ሳይጠረግ የቀረው ነው፡፡ ይህም 3 ወይም 4 ጊዜ ይደገማል፤ የፊተኛው ሳይደርቅ የኋለኛው አይቀባም፡፡ ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፡፡ የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ግን ከተልባው ይዘገያል፡፡ ጉሎና ቅቤ ከቶ አይደርቁም፤ ለአንድ ቀን ገበያ ግን ማብራቱን ያውቁበታል፡፡ (በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፡፡ መጋዘን ያለው አንባቢ ጨርቁን ዘርግቶ ያድርቅ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይክተት፡፡)

ጉዳዩ የዕውቀት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፡፡ ዋናው ግን ገንዘብ ነው፡፡ በሳምንት 4 ቢላዋ የሚያወጣ ሠሪ እንውሰድ፡፡ ሥራውን በየሰኞው ከሸጠ የ4 ቢላዋ ብረት፣ እንጨትና የእለት ጉርስ መሸፈኛ ይበቃዋል፡፡ እጀታው እንዲደርቅ 3 ሳምንት ካቆየ ግን ሁልጊዜ 12 ቢላዋ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥበታል፡፡ የሰኞው ገዥ በበኩሉ ለደረቀውም ላልደረቀውም አንድ ዋጋ ይሰጣል፡፡ ታዲያ ማን ይጠብቃል? ሠሪውን አጭበርባሪ ማለት ይቀላል፤ በእሱ ቦታ ለሆነ ሰው ግን መጠበቅ ኪሳራ ነው፡፡

በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ በመጠበቁ ማትረፍ የሚችለው ነጋዴው ነው፡፡ ለአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚያቀርብ ሰው እጀታው ያልተቀባ ቢላዋ ባቲ ላይ አዝዞ፣ ቅቡን ራሱ አስጨርሶ ከአንድ ወር በኋላ ማውጣት ይችላል፡፡ ተልባው የሀገር ውስጥ ነው፤ ጨርቅና ብርጭቆ ወረቀትም ኪስ አይጎዱም፡፡ የሚጠይቀው ለአንድ ወር የሚታሰር ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሠሪው ይልቅ ነጋዴው ዘንድ ይገኛል፡፡ ሳይቀባ የተገዛ እጀታ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስንጥቁና የተደፈነ ቀዳዳው አይደበቅም፡፡

የተቀባውን መግዛት ግድ የሆነበት ደላላ ነጭ ጨርቅ ይዞ ይሂድ፡፡ እጀታውን አጥብቆ ይሸው፤ ጨርቁ ቅባት ከያዘ አልደረቀም፡፡ ከዚያም በመዳፉ ጨብጦ እስኪሞቅ ይያዘው፡፡ እጅ ላይ የሚጣበቅ እጀታ የቆላ ፀሐይ ሲያገኘው ይብስበታል፡፡

የዚህ ጸሐፊ ቢላዋ በቲነር ተጠርጎ፣ እንደገና ለስልሶ፣ ተልባ ተቀብቶ መስኮት ሥር ከተቀመጠ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፡፡ ትናንት በጋዜጣ ተጠቅልሎ አድሮ ነበር፤ ዛሬ ሲፈታ ፊደል አልያዘም፡፡