ከማልዲቭስ ደሴቶች ሥር ያለው ተራራ

ዛሬ ከሕንድ በስተደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው የሙስሊሞች አገር ወደ ማልዲቭስ እንወስዳችኋለን። ላያቸው አሸዋና ኮራል ብቻ የሆነው እነዚህ ዝቅተኛ ደሴቶች የቆሙት በምን ላይ ይሆን?

በ1987 እ.ኤ.አ. አንድ የምርምር መርከብ በአካባቢው የባሕሩን ወለል ቆፍሮ፣ ከኮራሉ ድንጋይ ሥር ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ዐለት አገኘ። ዕድሜው ሲለካ 57 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። በስተሰሜን በሕንድ የደካን ዐለት 66 ሚሊዮን፣ በስተደቡብ በቻጎስ 49 ሚሊዮን፣ በሞሪሸስ 8 ሚሊዮን ገደማ ነው። በሪዩኒየን ደሴት ግን እሳቱ ዛሬም ይፈሳል።

ዕድሜያቸው እንዲህ በተራ የመጣው ለምንድን ነው? ከተለኮሰ ኩራዝ በላይ ወረቀት ይዘን ቀስ እያልን ብንስብ፣ ጥቀርሻው ተሰልፎ ይቀራል፤ አዲሱ ምልክት ለነበልባሉ የቀረበው ነው። ኩራዙ ከምድር ጥልቅ የሚወጣው ሙቀት፣ ወረቀቱም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚጓዘው የምድር ቅርፊት ነው። በኋላም የባሕሩ ወለል በመካከሉ ተሰንጥቆ ስለተስፋፋ፣ ዱካው ዛሬ በሁለት የቅርፊት ንጣፎች ላይ ተከፍሎ ይገኛል።

ከሙቀቱ የራቀ ወለል ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ተራራውን ይዞ ይሰምጣል። ኮራሎች ግን ብርሃን ፈልገው ወደ ላይ ይገነባሉ። ማልዲቭስ እንዲህ ቆመች፤ አብዛኛው መሬቷ ከባሕር በላይ 2 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ዛሬ የባሕሩ መጨመር ያሰጋታል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን በሱረቱ አን-ነምል 88ኛው አንቀጽ ስለ ተራሮች መጓዝ የተነገረውን እናስታውስ ይሆናል። ይሁንና ኢብኑ ከሢርን የመሰሉ ሙፈሲሮች አንቀጹን ያብራሩት በቂያማ ቀን ስለሚሆነው ነው፤ ከፊቱ ያለው አንቀጽም ስለ ቀንዱ መነፋት ይናገራል። ስለዚህ አዲስ ግኝት በሰማን ቁጥር «ቁርአን ያለው ይህንኑ ነው» ለማለት አንቸኩል። ሊቃውንቱ ራሳቸው ከሥር ያለው ሙቀት ከቦታው አይነቃነቅም ብለው ጀምረው፣ በኋላ እርሱም ቀስ እያለ እንደሚጓዝ ደርሰውበታል። የሰው ዕውቀት ይታረማል፤ የአላህ (ሱ.ወ.) ቃል ግን እርማት አይሻም። ልጆቻችን ፍጥረትን በትጋት ይመርምሩ፤ ቁርአንን ደግሞ ከዐሊሞቹ ይማሩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።