ትንሽ ትራክተር ለሆለታ ደጋ፦ ከሞተሩ በፊት መሣሪያው

ሆለታ፣ ሱሉልታና ሰበታ አካባቢ ትንሽ ትራክተር ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መቅደም ያለበት እሱ አይደለም። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ትራክተሩ ከኋላው ምን እንደሚታሰርበት ነው። ሞተር ብቻውን አያርስም፣ ሣር አያጭድም፣ ድንችም አያወጣም። ይህን የሚሠራው መሣሪያው ነው፤ ትራክተሩ ጉልበት አቅራቢ ብቻ ነው። ባዶ ትራክተር ገዝቶ መሣሪያውን «ቀስ ብዬ እጨምራለሁ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ተሳቢ ከሚጎትት ውድ ሞተር ጋር ነው።

ለዚህ አካባቢ ይዞታ የሚሆኑት ማሽኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ነጂው ከኋላ እየተራመደ በእጀታ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይይዛል። ሁለተኛው ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ጎማ ትንሽ ትራክተር ነው። ከዚያ በላይ ያሉት፣ አርሲና ባሌ የስንዴ ማሳ ላይ የምናያቸው ትልልቆቹ፣ ጥማድ ጥማድ ሆኖ በተከፋፈለ መሬት ላይ ዞሮ ለመመለስ እንኳ ይቸገራሉ።

ባለ ሁለት ጎማውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውስትራሊያ ድጋፍ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዚምባብዌን ባቀፈ ፕሮጀክት ይህንኑ ማሽን ለአነስተኛ ገበሬ ሲሞክር ቆይቷል፤ በአገራችን ከተሠራባቸው ቦታዎች አሰላና ሐዋሳ ዙሪያ ይገኙበታል። ማሽኑ መሬቱን ሳይገለብጥ በመስመር ይዘራል፣ ይወቃል፣ ውኃ ይስባል፣ ተሳቢ ይጎትታል። በኪራይ ለሚያሠራው ሰው ደግሞ ከእርሻው ይልቅ ማጓጓዙና ውቂያው ገቢ ሲያስገኝ ታይቷል። ሆለታ ላይ ግን ድክመቱን አውቆ መግዛት ያስፈልጋል። ቀላል ስለሆነ በደረቅ ዋልካ ላይ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ማረሻውን አያስገባም። በተዳፋት ላይም እጀታውን ይዞ መዋል የጎልማሳ ጉልበት ይጠይቃል።

የሥራ ፍጥነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ጥማድ በሬ ከጠዋት ጀምሮ ሠርቶ በቀን የሚያርሰው መሬት ራሱ ጥማድ ይባላል፤ ወደ ሩብ ሄክታር ነው። በሚሽከረከሩ ቢላዎች 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚከሰክስ ሮታቬተር የታሰረበት ባለ ሁለት ጎማ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መታጠፊያውና ማረፊያው ተቀንሶ፣ ጥማዱን በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። 1.2 ሜትር የሚከሰክስ ባለ አራት ጎማ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ የራስ መሬት ሁለትና ሦስት ጥማድ ብቻ ከሆነ ባለ አራት ጎማው በዓመት ጥቂት ቀን ሠርቶ የሚቆም ሀብት ይሆናል።

ሻጮች እምብዛም የማይነግሩት ነገር ደግሞ አለ፤ ከፍታው። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በሚስበው አየር ልክ ስለሚያቃጥል ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያጣል። መግለጫው ላይ 25 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ትራክተር ሆለታ ላይ 20 ገደማ ይሆናል፤ ከኋላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ 17 ይወርዳል። 1.2 ሜትር ሮታቬተር በተለምዶ ከ25 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ላለው ትራክተር የሚሠራ በመሆኑ፣ ያው ትራክተር እዚህ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው፦ ቱርቦ ያለው ሞተር መምረጥ፣ ወይም አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ትራክተር ገዝቶ አንድ ደረጃ ጠበብ ያለ መሣሪያ ማሰር።

ከዚያ አፈሩ ይመጣል። በሆለታ ዙሪያ ባለው በወልመራ ወረዳ ቀይ አፈርም ዋልካም አለ፤ አንዱ ቤተሰብ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ቀዩ ለመታረስ የዋህ ነው፤ ችግሩ አሲዳማነቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ በላዩ ተበትኖ ሲቀር ሥራው ደካማ ነው፤ ከአፈሩ ጋር በደንብ መደባለቅ አለበት። የበሬ ማረሻ ይህን በብዙ ምልልስ ያደርገዋል፤ ዲስክ መከስከሻ ወይም ሮታቬተር በአንድና በሁለት ዙር ይጨርሰዋል። አሲዳማ ቀይ መሬት ላለው ሰው ትራክተር ወጪውን የሚክስበት አንዱ ትልቅ ሥራ ይኸው ይመስለኛል።

ዋልካው ሌላ ነገር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ በመካከል ያሉት ለእርሻ የሚመቹ ቀኖች ጥቂት ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ዋልካ እንዳለ ይገመታል፤ ከሆለታ አለፍ ብሎ ጊንጪ ላይ ያለው ንዑስ ማዕከልም ይህን አፈር ሲያጠና የኖረ ነው። የዋልካ ፈተና ከማረሱ ይልቅ ውኃውን ማጠንፈፉ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሁለት የበሬ ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ ገበሬው ቢቢኤም ይለዋል። በኋላም የአይባር ኢንጂነሪንግ መሥራች ዶክተር መለሰ ተመስገን ቀለል ያለ ዓይነቱን ሠርተው በብዙ ወረዳዎች ተሰራጭቷል። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲደመር 1.2 ሜትር። ዋልካ ላይ የሚሠራ ትራክተር የግራና የቀኝ ጎማው መሀል ለመሀል 1.2 ሜትር ቢራራቅ ጎማዎቹ ሁልጊዜ በቦዩ ይሄዳሉ፣ መደቡም ሳይረገጥ ይቀራል። ከዚያ ከጠበበ ወይም ከሰፋ መደቡን ራሱ ትራክተሩ ይጠቀጥቀዋል።

ድንች አምራችም የጎማውን ርቀት መለካት አለበት። ጃለኔን፣ ጉዳኔንና በለጠን የመሳሰሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ የአካባቢው ገበሬም ዘር ድንች እየሸጠ ኑሮውን አሻሽሏል። ድንች በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከላል። ቦይ የሚያወጣው፣ አፈር የሚያስታቅፈውና በመጨረሻም ድንቹን ቆፍሮ የሚያወጣው መሣሪያ ሁሉ በዚህ ርቀት መስተካከል አለበት፤ ሁለት መስመር አቅፎ የሚያልፍ ትራክተር የጎማው ርቀት 1.5 ሜትር ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ከዚያ ይጠባሉ። ስለዚህ የጎማው ርቀት የሚስተካከል መሆኑን፣ ቡሎኑን ፈቶ ቸርኬውን በመገልበጥ እስከ ስንት እንደሚሰፋ፣ ሻጩ በቃል ሳይሆን ገዢው ፊት ሜትር ዘርግቶ ያሳይ።

ሮታቬተርን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለጤፍ የላመ መሬት ስለሚወደድ ሰዎች በሮታቬተር ቶሎ ይማረካሉ። እርጥብ ዋልካን በሮታቬተር መከስከስ ግን አፈሩን ያቦካዋል፤ ሲደርቅም ቅርፊት ይሠራል። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ብቻ መከስከስ ደግሞ ከሥር የተጠቀጠቀ ንብርብር ያበጃል፤ ሥሩም ውኃውም እዚያ ይቆማል። ሳይገለብጥ በጥልቀት የሚሰነጥቅ ባለ ጥርስ ማረሻ አብሮ መግዛት፣ ካልተቻለም በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ከማኅበር ተከራይቶ ማሳለፍ ይህን ይከላከላል።

ስለ ድርቆሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በዚህ ዙሪያ ትንሽ ትራክተር ዋጋውን የሚመልስበት ሥራ ይህ ነውና። የሱሉልታ ሜዳ የአዲስ አበባና የአካባቢው ላሞች መኖ ነው። ሣሩ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ማበብ ሲጀምር ካልታጨደና እስከ ኅዳር ከቆየ ወደ ገለባነት ይጠጋል፣ የፕሮቲን ይዘቱም ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ደግሞ በማጭድ የሚያጭድ ሰው የሚገኘው በሽሚያ ነው። ሁለት ዓይነት ማጨጃ አለ። አንዱ ጥርሶቹ እንደ መቀስ እየተላለፉ የሚቆርጡበት ነው፤ ጥቂት ጉልበት ስለሚበቃው ባለ ሁለት ጎማውም ይሸከመዋል። ሌላው በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ በታሰሩ ቢላዎች የሚቆርጥ ነው፤ ፈጣን ነው፣ የወደቀ ሣርም አያስቸግረውም፣ ግን 25 እና ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። የሁለቱም ጠላት ድንጋይና ኩይሳ ናቸው፤ ሜዳውን በበጋ ዞሮ ድንጋዩን መልቀም የማጨጃውን ዕድሜ ይወስናል። ድርቆሹን የሚያስረው ማሽን ሌላ ወጪ ነው። አነስተኛ ክብ እስር የሚያወጣው ለትንሽ ትራክተር ይስማማል፤ አራት ማዕዘን እስር የሚያወጣው ከበድ ያለ ትራክተር ይጠይቃል። ላሞቹ አሥር የማይሞሉ ሰው ማጨጃና መሰብሰቢያ ይግዛ፣ እስሩን ግን በእንጨት ሣጥን በእጅ ያሳስር እላለሁ።

መሣሪያው ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንዱ አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ነው። ደረጃው በቁጥር ይነገራል፤ ለትንንሾቹ ደረጃ አንድ ነው፤ የመሣሪያው ፒን ከዚያ ጋር ካልገጠመ በየጋራዡ ብየዳ ፍለጋ ይጀመራል። ሁለተኛው ፒቲኦ የሚባለው የሚሽከረከር ዘንግ ነው። በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ልብሱ ከተጠመጠመበት እጁን ለመሳብ ጊዜ የለውም። የፕላስቲክ መሸፈኛው የተሰበረበት ዘንግ ሥራ ላይ አይዋል፤ ውቂያ ላይ ልጆች በሚሰበሰቡበት አውድማ ላይማ ጨርሶ አይሞከር። ባለ አራት ጎማው ደግሞ ነጂውን ከመገልበጥ አደጋ የሚጠብቀው የብረት ቅስት ይኑረው፤ የሆለታ ተዳፋት ያለሱ አይሞከርም።

የሒሳቡ ቁልፍ የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔ እርሻና ክስከሳ፣ በሰኔና በሐምሌ ዘር፣ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ድርቆሽ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውቂያና ማጓጓዝ። በእነዚህ ሁሉ የሚሠራ ትራክተር ብድሩን ይከፍላል፤ በእርሻ ብቻ የሚሠራው አይከፍልም። ተሳቢ፣ ማጨጃና መውቂያ ያለው ሰው ጎረቤቱን በኪራይ ማገልገል ይችላል። ይህን ስል ታሪካችንንም እያስታወስኩ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ ፕሮጀክት (ካዱ) ምርት ቢያሳድግም፣ ትራክተር ያመጡ ባለ መሬቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አፈናቅለዋል። ዛሬ በሆለታ ማሳ ላይ ትራክተር የሚያስፈልገው ለብዙ ትንንሽ ባለ ይዞታዎች ነው፤ ለዚህም በማኅበር መግዛት ወይም አንዱ ገዝቶ ሌላውን ማገልገል ይሻላል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ በኢትዮጵያ ልማት ባንክና በክልል የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች በኩልም በሊዝ ማግኘት ይቻላል። ሊዙን ስትጠይቁ መሣሪያዎቹም በአንድ ውል እንዲካተቱ ጠይቁ።

ወደ ግዢው ስትሄዱ የምርት ስሙን ከመውደዳችሁ በፊት ፊልትሮው፣ ቺንጊያው፣ ኩሽኔታውና የፍሪሲዮን ሸራው መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይገኝ እንደሆነ ዞራችሁ ጠይቁ። የማይገኝ ከሆነ ርካሹ ትራክተር ይወደዳል። ሻጩ ማሽኑን እናንተው ማሳ ላይ፣ የምትገዙትን መሣሪያ አስሮ፣ ቢያንስ አንድ ጥማድ ሠርቶ ያሳያችሁ። የነጂ ሥልጠናና የመጀመሪያው ሰርቪስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ግዢውን ደግሞ በሰኔ ጥድፊያ ሳይሆን በጥር አድርጉት፤ ሞክራችሁ ጉድለቱን የምታስተካክሉበት ጊዜ የሚኖራችሁ ያኔ ነው።