ጉርሻ ለማሳጅ ባለሙያ፦ ስንት ይበቃል?

ባሕር ዳር፦ ወገቡን የታመመ አርሶ አደር ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ አልያም እንደ ዋንዛዬ ወዳለ ፍል ውኃ ይወርዳል። በከተሞች ደግሞ መታሸት ማሳጅ በሚል ስም በሆቴሎችና በስፓ ቤቶች ይሰጣል። ለወጌሻው እንደ አቅምና እንደ ልማዱ ይከፈላል፤ በስፓ ግን ዋጋው አስቀድሞ ተጽፏል። ያም ሆኖ ሒሳቡን የከፈለ ተገልጋይ ላሸው ባለሙያ ምን ያህል ጉርሻ መስጠት እንዳለበት ሊቸገር ይችላል።

በኢትዮጵያ የጉርሻን መጠን የሚወስን ሕግ የለም። ጉርሻ በፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ እንጂ ዕዳ አይደለም። ስለዚህ ቀዳሚው ተግባር ደረሰኙን ማንበብ ነው። በርካታ ሆቴሎች በዋጋው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስባሉ። በዚህ ስሌት 1 ሺህ ብር የተባለ ማሳጅ 100 ብር የአገልግሎት ክፍያና 165 ብር ታክስ ተጨምሮበት 1 ሺህ 265 ብር ይሆናል። ተገልጋዩ ሲወጣ እንዳይደናገጥ፣ ሁለቱ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን ከመታሸቱ በፊት ቢጠይቅ ይበጀዋል።

የአገልግሎት ክፍያና ጉርሻ አንድ አይደሉም። የአገልግሎት ክፍያ በድርጅቱ በኩል የሚሰበሰብ ሲሆን አከፋፈሉም እንደየቤቱ አሠራር ይለያያል። ጉርሻ ግን ከተገልጋዩ እጅ ወደ ሠራተኛው እጅ ይሻገራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። በመሆኑም ሠራተኛው ሲሰናበት የስንብት ክፍያው የሚሰላው በደመወዙ ነው። ጉርሻም የዕለት ጉድለትን ይሸፍን ይሆናል እንጂ ተገቢ ደመወዝን አይተካም።

መጠኑን ለመወሰን ቀላል መንገድ አለ። የአገልግሎት ክፍያ በደረሰኙ ላይ ካለ ተጨማሪ መስጠት ግዴታ አይሆንም፤ በሥራው የተደሰተ ሰው ግን ጥቂት ብር ቢጨምር መልካም ነው። ከሌለ፣ ታክስ ሳይጨመር ካለው ዋጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ ማሰብ ይቻላል፤ ለ1 ሺህ ብር ማሳጅ ከ50 እስከ 100 ብር ማለት ነው። ገንዘቡን ለገንዘብ ተቀባይ ከመተው ይልቅ ላሸው ባለሙያ በእጁ መስጠት ይመረጣል። ያሸው የቤቱ ባለቤት ራሱ ከሆነ ምስጋና ይበቃል።

ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶች ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲሰጡ ያየ ሰው የእርሱ ስጦታ ያነሰ ሊመስለው ይችላል። የዚያ አገር ልማድ ግን የራሱ ምክንያት አለው። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ነጥብ 13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይህም ጉርሻው ተጨምሮ ቢያንስ 7 ነጥብ 25 ዶላር ከሞላ ነው። በጃፓን በአንጻሩ ጉርሻ መስጠት አልተለመደም።

ጉርሻ ከባለሙያው ሌላ ነገር ለመጠየቅ የሚያበቃ መብትም አይሰጥም። ማሳጅ እንደማንኛውም ሙያ ክብር ያለው ሥራ ነው፤ ገንዘቡም ለተሠራው ሥራ ምስጋና ብቻ ነው።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል» ይባላል። ይህ ለማዕድ ጉርሻ ነው። የስፓው ጉርሻ ግን ሰጪውንም ተቀባዩንም ሳያስጨንቅ ሲቀር ያምራል።