«የእግዜር እንግዳ» እና «ስደተኛ»

በሰሜን ጎንደር ደጋ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ የሚናገረው ስለ ራሱ ማንነት ሳይሆን ስለ ላኪው ነው። በልማዱ መሠረት ባለቤቱ እግሩን አጥቦ፣ ራት አብልቶ ያሳድረዋል። ልማዱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ትምህርት ጋር ይስማማል፤ በዚያ እንግዳን የተቀበለ ክርስቶስን እንደ ተቀበለ ይቆጠራልና። ይሁን እንጂ አባባሉ የሚያስረው ለአንድ ሌሊት ነው፤ ሲነጋ እንግዳው ይሄዳል።

«ስደተኛ» ግን ይቆያል። በ2014 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን በዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ ላይ ሰፈሩ። ከሚቆይ ሰው ጋር ውሃና ማገዶ መጋራት ይመጣል፤ ለዚህ «አሳድሩኝ» አይበቃም።

የጎደለው ቃል በማኅሌቱ ውስጥ ይገኛል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ የእመቤታችንና የልጇ የግብፅ ስደት ይታሰባል። ያ ስደት በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የቆየው 3 ዓመት ከ6 ወር እንጂ አንድ ሌሊት አይደለም። እንግዲህ አባባሉ ስለ ሌሊቱ፣ ማኅሌቱ ስለ ዓመታቱ ያስተምራሉ፤ የአቀባበሉ ሥነ ምግባርም የሚሟላው ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነው።