የቤንጋል ድመት ጠባይ

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲሉ አባቶቻችን የተረቱት፥ ልብስ ቢለወጥ ጠባይ ቶሎ እንደማይለወጥ ለማስረዳት ነው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ቢሆንም፥ ለራሷ ለድመት እንመልሰው ብንል ቤንጋል ለምትባለው ድመት እጅግ ይስማማታል። ቤንጋል በሰው ቤት የምትኖር ድመት ስትሆን፥ መልኳ የነብር ነው፤ በወርቅማው ጠጕሯ ላይ ጥቍር ነጥብና ቀለበት የመሰለ ዝንጕርጕር አለባት። ብዙ ሰው የሚወዳት በዚህ መልኳ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠባይዋ ለመናገር አስበናል፤ በቤት ውስጥ ከሰው ጋር ውሎ የሚያድረው ከመልክ ይልቅ ጠባይ ነውና።

በመጀመሪያ ትውልዷን እንመልከት። በእስያ ጫካዎች፥ ቁመቷ ከቤት ድመት እምብዛም የማይበልጥ፥ ብቻዋን የምትኖር፥ ይልቁንም በሌሊት የምታድን፥ ዛፍ መውጣትና መዋኘት የምታውቅ አንዲት የዱር ድመት አለች። ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ በሰጧት ስም ውስጥ «ቤንጋሌንሲስ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ቤንጋል ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። ጂን ሚል የተባሉ አሜሪካዊት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 ከዚህች የዱር ድመትና ከአንድ ጥቍር የቤት ድመት የተወለደ ግልገል አገኙ። ሥራው ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ከቈየ በኋላ፥ በ1980 ገደማ እንደ ገና ጀመሩት። በዚያን ጊዜ ዶክተር ዊላርድ ሴንተርዎል፥ የዱሪቱ ድመት በድመቶች ላይ የሚደርሰውን የደም ነቀርሳ ትቋቋም እንደ ሆነ ለመመርመር ሲሉ ያዳቀሏቸው ድመቶች ነበሩ፤ ጂን ሚልም ከእነዚህ ተቀብለው ዘሩን አስፋፉ። ዓለም አቀፉ የድመት ማኅበርም በ1986 ዘሩን ተቀበለ።

የሴትዮዋ አሳብ መልካም ነበር። በዚያን ዘመን ለሴቶች ካፖርት ሲባል የዝንጕርጕር አራዊት ቆዳ ይገፈፍ፥ ግልገሎቻቸውም በገበያ ይሸጡ ነበር። ሰው በቤቱ የሚወዳትን ድመት የመሰለ እንስሳ ቆዳ ለብሶ ለመውጣት ኅሊናው እሺ አይለውም ብለው ተስፋ አደረጉ።

ወደ ጠባይዋ ስንመለስ፥ በምድጃ አጠገብ ተጠቅልላ የምታንቀላፋ ድመት ለለመደ ሰው ቤንጋል እንግዳ ናት። ሥራ መፍታት አትወድም። ከቁም ሣጥን ራስ ላይ ትወጣለች፤ መሳቢያና በር መክፈት ትማራለች። ብዙዎች ድመቶች የሚሸሹትን ውሃ እርሷ በመዳፏ ትጫወትበታለች፤ የቧንቧ ድምፅ ስትሰማም ሮጣ ትመጣለች። የተወረወረላትን ነገር አንሥታ መመለስን፥ በገመድ ታስራም ከጌታዋ ጋር መሄድን ትለምዳለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው፤ የፈለገችውን እስክታገኝ ዝም አትልም። ቤተ ሰቡን አጥብቃ ትወዳለች፥ ከክፍል ወደ ክፍልም ትከተላለች፤ ነገር ግን ታቅፎ መቀመጥ ቶሎ ይሰለቻታል። ጠባየ መልካም ከሆነ ውሻ ጋር ብዙ ጊዜ ትስማማለች፤ ወፍና ዓሣ ግን በእርሷ ዘንድ አደን ናቸው።

ታዲያ ይህች ድመት አውሬ ናትን? አይደለችም። ከዱሪቱ በቀጥታ የሚወለደው የመጀመሪያው ትውልድ ሰው ፈሪና ተደባቂ ነው፤ ወንዶቹም መካን ናቸው። አርቢዎች ግን በየትውልዱ ለማዳውን እየመረጡ፥ አራተኛው ትውልድ ሲደርስ የቤት ድመት ይሏታል። በ2024 የታተመ የዘር ምርመራም፥ በዛሬዎቹ ቤንጋሎች ውስጥ ከዱሪቱ የተወረሰው በአማካይ ከመቶ 4 እጅ እንደማይሞላ፥ የነብር መልኳም በአብዛኛው ከቤት ድመቶች ዘር የመጣ እንደ ሆነ አስረድቷል።

ችግሩ የሚመጣው ከገዢው ነው። ሥዕሏን አይቶ የወደዳት ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይወስዳታል፤ ከዚያም ጧት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ብቻዋን የዋለችው ቤንጋል መጋረጃ ትቀዳለች፥ ሌሊት ትጮኻለች፥ ሽንቷንም በምንጣፍ ላይ ትረጫለች። ጌታዋ «ይህች አውሬ ናት» ብሎ ይመታታል፤ ምቱ ግን እጁን መፍራት እንጂ ሌላ ነገር አያስተምራትም። በመጨረሻም ለእንስሳት መጠለያ ትሰጣለች ወይም በጎዳና ላይ ትጣላለች። ስለ ቆዳቸው የሚገደሉትን አራዊት እንድታስጥል የታሰበችው ድመት፥ ስለ ቆዳዋ ተገዝታ ስለ ጠባይዋ ስትጣል ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ቤንጋልን ለማሳደግ የሚያስብ ቤተ ሰብ እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ ይመርምር። አንደኛ፥ በቤቱ የሚውል ሰው መኖሩን፤ በቀን ሁለት ጊዜ እንኳ አብሯት የሚጫወት ያስፈልጋታልና። ሁለተኛ፥ የምትወጣበት ከፍ ያለ መደርደሪያና ጥፍሯን የምትስልበት እንጨት መዘጋጀቱን። ሦስተኛ፥ ግልገሏ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ በሰው እጅ ተለምዳ ማደጓን፤ በዚህ ዕድሜ ሰውን ያልለመደች ድመት በኋላ ለማላመድ ታስቸግራለች። አራተኛ፥ በውጭ አገር የሚኖር ወገን የአገሩን ሕግ ይጠይቅ፤ በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ትውልድ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፥ በአሜሪካ የሃዋይ ግዛት ደግሞ ቤንጋልን ማስገባት ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም የሚችል ቤተ ሰብ ንቁና ታማኝ ወዳጅ ያገኛል። የማይችል ግን መልኳን በሥዕል አይቶ ይደሰት፤ ለቤቱም ጸጥ ያለችውን ተራ ድመት ያሳድግ።